ማንም ያልረገጠው ቀይ መንገድ

የከተሞቻችን የብስክሌት መንገዶች ባዶ የሚሆኑት ምልክታቸው ግልጽ ስላልሆነ ነው ይባላል። ሐሰት ነው። ቀለሙ ቢደምቅ፣ መስመሩ ቢሰመር፣ ሥዕሉ ቢተልቅ ሰው ይገባዋል፣ ከገባውም ይጠቀምበታል ሲባል በየስብሰባው ሰምቻለሁ። እኔ ግን ምልክቱ ከመጠን በላይ ግልጽ በመሆኑ ባዶውን የቀረ መንገድ አይቼ መጣሁ። ያለው ደብረ ማርቆስ ነው። ቀይ ነው፤ ከሩቅ ይታያል። የሚስተው የለም፤ የሚረግጠውም አልነበረም።

ወደዚያ የወሰደኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። የታላቅ እህቴ ልጅ ሰብለ መሐንዲስ ናት። በደብረ ማርቆስ አንድ ነባር ሰፈር ፈርሶ አውራ ጎዳናው ሲሰፋ የእግረኛውንና የብስክሌቱን መስመር የነደፈችው እሷ ናት። ጥምቀት ሲቃረብ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ መንገዱ አለቀ።»

«እንኳን ደስ አለሽ።»

«ሰው አይሄድበትም።»

«እሱማ የታወቀ ነው። አዲስ አበባም አይሄዱበትም፤ መኪና ያቆሙበታል።»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «መኪናም አያቆሙበትም» አለች። «ውሻ እንኳ አይተኛበትም። ማታ አቧራ ለብሶ ትቼው እሄዳለሁ፤ ጠዋት ስመጣ ተጠርጎ ይጠብቀኛል። የጽዳት ሠራተኞቹን ጠየቅኳቸው፤ እኛ አይደለንም አሉ።»

እኔ ደግሞ በብስክሌት መንገድ የማላምን ሰው ነኝ። የሰው ቤት አፍርሶ የብስክሌት መንገድ መሥራት ጥርስ ነቅሎ የጥርስ ብሩሽ እንደ መሸለም ነው ብዬ ጽፌአለሁ። ስለዚህ ልሄድ የፈቀድኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለማሾፍ ነበር። ስልኩን ልዘጋ ስል ግን ሰብለ አንድ ነገር ጨመረች።

«አንድ ሰው አለ። ዋለልኝ ይባላል። እግሮቹ አይሠሩም፤ በእጁ የሚነዳ ባለ ሦስት ጎማ አለው። በየቀኑ በአይሱዙዎች መሐል ይወርዳል። መንገዱ ከጎኑ ባዶውን ተዘርግቶ! አንድ ቀን እዚያው አስፋልት ላይ ይሞትብኛል፣ ጋሼ። ና እየውና ምን እንደማደርግ ንገረኝ።»

ከመናኸሪያ እስከ ደጀን

አውቶብሱ ሲነጋጋ ወጣ። የትኬቱ ዋጋ ባለፈው ከሄድኩበት እጥፍ ሆኗል፤ መቀመጫው በዚያው ልክ ጠቧል። ተሳፋሪው ሁሉ ከመምጣቱ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን በስልክ አጣርቷል። ሌላው አገር ከጉዞ በፊት የአየሩን ጠባይ ይጠይቃል፤ እኛ የመንገዱን ጠባይ እንጠይቃለን።

ከጎኔ የተቀመጡት የጉንደ ወይን ነጋዴ ነበሩ፤ አቶ ይርጋ። ጭናቸው ላይ ጥቅል ቀይ ምንጣፍ አጋድመዋል፤ ጫፉ እኔ ጉልበት ላይ ደርሷል። ረዳቱ መጥቶ ጣሪያ ላይ ልጫነው አላቸው።

«ምኑን ነው የምትጭነው? ስለት ነው።»

«እንግዲያስ ከወንበሩ ሥር ይግባልዎት፣ አባቴ።»

«እግር ሥር? አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ረዳቱ እየሳቀ ሄደ። ጫንጮን አልፈን ሜዳው ተከፈተ። አጨዳው አልቆ የገለባ ክምሮች በየአውድማው ዳር ቆመዋል፤ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ እግሬን ዘረጋሁና ጫማዬ የምንጣፉን ጠርዝ ነካ።

«እግርዎን!» አሉ አቶ ይርጋ። ቁጣ አልነበረም፤ ድንጋጤ ነው። በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ይቅርታ። ግን ገና ከሱቅ መውጣቱ አይደል?»

«ለእሱ ከተባለ ወዲያ የእሱ ነው። ልጆቹ ከፊት ከፊት ያነጥፉታል፤ ታቦቱን ያከበሩት ቄስ ያልፉበታል፤ ከኋላ እየጠቀለሉ መልሰው ወደ ፊት ይሮጣሉ። በመሐል የሌላ ሰው ጫማ አይገባም። አዲስ አበቦች ይሄን አታዩም?»

«እናያለን። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቤቴ ተቀምጬ ሳነብ ያልፈኛል።»

«ማንበብም ጥሩ ነው» አሉኝ፣ የታመመ ሰው በሚያጽናኑበት ድምፅ።

ጎሐ ጽዮን ቁርስ በላን፤ ፍርፍሩ ቀዝቃዛ፣ ሻዩ የሚያቃጥል ነበር። ከዚያ ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን። እዚያ አስፋልቱ እንዳልተተኮሰ ልብስ ይጨማደዳል፤ ዝንጀሮዎቹ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የሚወድቅ መኪና እንደሚጠብቁ ሆነው ያያሉ። አውቶብሱ ውስጥ ወሬ ቆመ። ከድልድዩ ወዲያ ለፍተሻ ወረድን። ፈታሹ ምንጣፉ ይፈታ አለ፤ አቶ ይርጋ መሬት ላይ አልፈታም አሉ። ሁለቱም ተፋጠጡ። «ስለት ነው» ሲሉት ወጣቱ እጁን ሰበሰበ፤ ጎንበስ ብሎ በጥቅሉ ቀዳዳ በዓይኑ ብቻ አየና አሳለፋቸው።

አቶ ይርጋ ደጀን ላይ ወረዱ። ምንጣፉን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ «ደኅና ይግቡ» አሉኝ በመስኮቱ። «እግርዎን ይጠብቁ።»

የቆሙ በሮች

ሰብለ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በባጃጅ ጠበቀችኝ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ አለ፣ ሙቀት የለም። ጮቄ በሩቁ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ሻንጣዬን ሆቴል ጥለን በቀጥታ ወደ ሰፈሩ ሄድን።

ፍርስራሽ አይቻለሁ፤ ይህን የመሰለ አላየሁም። የሌላው ከተማ ፍርስራሽ ይነሣል፣ ይጠረጋል፣ ይታጠራል። እዚህ ቤቱ ፈርሶ፣ አጥሩ ፈርሶ፣ የብረት በሮቹ ብቻ በምሰሷቸው እንደቆሙ ቀርተዋል። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቡኒ በሮች፣ ግራና ቀኛቸው ባዶ። ከወዲያ በኩል በግማሽ የተረፈ ግድግዳ ላይ የመኝታ ቤት ሮዝ ቀለም ይታያል።

አንዲት ሴትዮ ሳፋ ይዘው መጡ። ከበሩ ጎን ክፍት ነው፤ ሁለት እርምጃ ቢዞሩ ያልፋሉ። አልዞሩም። በሩን ገፉት፣ ገቡ፣ ዘወር ብለው ከኋላቸው ዘጉት። ከዚያ ድንጋይ ክምሩን አቋርጠው ወደ ጉዳያቸው ሄዱ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?» አልኳት ሰብለን።

«ሁሉም። አንዳንዱ ደግሞ ያንኳኳል።»

እውነትም ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ሰው በድንጋይ የሰማያዊ በር ብረት እየመታ፣ «ቤቶች! ቤቶች!» ይል ነበር። ከበሩ በስተጀርባ ያለው ሰማይ ነው። ሰውየው የሚገባውን ያህል ጠበቀ፤ መልስ ሲያጣ በትሕትና ሄደ።

ቀዩ መንገድ በእነዚህ በሮች ፊት ያልፋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ይነሣና ጎዳናውን ተከትሎ ቁልቁል ይወርዳል፤ ገበያውን አልፎ ታቦት ከሚያድርበት ሜዳ ዳር ያልቃል። ከአስፋልቱ የሚለዩት ቢጫ ምሰሶዎች ተተክለዋል። በየመሐሉ ነጭ ብስክሌት ተሥሏል። ሥዕሎቹ ቁልቁል ተሰልፈው ሲታዩ ነጂዎቻቸው ወርደው የት እንደሄዱ የማይታወቅ ብስክሌቶች ይመስላሉ። መንገዱ ላይ አንድ ገለባ የለም። ሰዉ ከጎኑ በተሰባበረ ድንጋይና በአቧራ ውስጥ እየተደናቀፈ ይሄዳል። መሻገር ያለበት ይዘላል፤ ዘሎ ሲያበቃ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። አህያ የሚነዳ አህያውን ማዘለል ስለማይችል እስከ መጨረሻው ዞሮ ይመጣል።

ስፋቱን አየሁ፤ ቀለሙን አየሁ። ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ አሰብኩ። አቶ ይርጋ ትዝ አሉኝ።

«ሰብለ፣ ይሄ እኮ ምንጣፍ ነው።»

«አሁን አውቃለሁ» አለች በምሬት። ያደገችው አዲስ አበባ ነው። ከአስፋልት ጎን ጎልቶ የሚታየው ቀይ ነው ብለው አስተምረዋታል፤ ቀይ ቀባች። «ገና ቀለሙ ሳይደርቅ "ለታቦቱ መንገድ ተሠራለት" ተባለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰዋል?»

«ካህናቱን ለምን አልጠየቅሽም?»

«ጠየቅኩ። አስተዳዳሪው "ልጄ፣ እኛ አላዘዝንም፤ መንገድ ጠርጎ የሚጠብቅ ምእመን ካለ ግን አትጥረግ አንለውም። ከተራ ሩቅ አይደለም፤ ታቦቱ በየት እንደሚወርድ ያኔ ሁሉም ያየዋል" አሉኝ። ይኸው የነገውን ከተራ እየጠበቅኩ ነው።»

ይህን እየነገረችኝ ክንዴን በድንገት ጨበጠችው። ከላይ በኩል፣ ከአይሱዙና ከሚኒባስ መሐል፣ አንድ ባለ ሦስት ጎማ እየወረደ ነው። አርባ ዓመት ግድም የሆነው ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው በሁለት እጁ መዘውሩን ይይዛል፤ ከኋላው እንጨት ላይ ቀይ ጨርቅ አስሯል። አይሱዙው ጡሩንባውን ነፋ። ሰውየው ወደ ጠርዙ ተጠጋ፤ ጎማው ቢጫ ምሰሶዎቹን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከምሰሶዎቹ ወዲህ ቀዩ መንገድ ንጹሕና ባዶ ነው። አልገባም። አይሱዙው ጥቁር ጭስ አልብሶት አለፈ። ዋለልኝ ሰብለን ሲያያት አንድ እጁን አንሥቶ ሰላም አለና ቶሎ መዘውሩ ላይ መለሰው።

የልጅነት ልምሻ ነው እግሮቹን የያዘው። ሞባይል ይጠግናል። ድሮ ሱቁ ከእናቱ ቤት አጥር ላይ የተከፈተች መስኮት ነበረች፤ ከአልጋው ወርዶ ሥራው ይገባል። ቤቱ ሲፈርስ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ አንድ ክፍል ተከራዩ። አሁን በየቀኑ ወደ ገበያ መውረድ፣ በየቀኑ መውጣት አለበት።

መጥረጊያ

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በድምፅ ነቃሁ። ሽው… ሽው… የሚል፣ የማይቸኩል ድምፅ። የሆቴሉ መስኮት መንገዱን ያያል። ጎንበስ ያለ ነጭ ነጠላ በቀዩ ጠርዝ እየሄደ ነው። ፊት አይታይም፤ እግር አይታይም። ከአንድ የተረፈ ግድግዳ ኋላ ገባና ድምፁም አብሮት ገባ። ልብሴን ለብሼ ስወርድ ማንም አልነበረም፤ መንገዱ ብቻ ተጠርጓል።

ሰዎች «አገራችን ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ የለም» ይላሉ። ይህንንም የሚሉት ሰይድ ደጅ ሳይደርሱ ነው። ሰይድ ከጎዳናው ማዕዘን ላይ ብስክሌት ይጠግናል፤ ጣሪያው ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ደጁ ላይ ብስክሌት ነው።

«ሥራ አለ?» አልኩት።

«ሞልቶ! ቀዩን ሲሸሹ ድንጋይ ላይ ይነዳሉ፤ ጎማው አይችለውም። የዘንድሮ ገበያዬን የሠራልኝ ያ መንገድ ነው።»

«አንተስ ጠግነህ ስትሞክር በየት ነው የምትነዳው?»

«በጓሮ።»

«ሰይድ፣ አንተ እስላም ነህ። ታቦቱ ምን አገባህ?»

ሳቀ። «ታቦቱ አያገባኝም ጋሼ። ጎረቤት ግን አለኝ።»

ከዚያ ጥግ ላይ የወደቀ የተጣመመ ጎማ በእግሩ ገፋ አድርጎ አሳየኝ። «የዋለልኝ ነው። አይሱዙ ነካው። ሌላ ስገጥምለት፣ በቀዩ ሂድ እንጂ አልኩት። "እናቴን ምን ልበላት?" አለኝ።»

«እናቱ ምን አሉ?»

«መንገዱን ማን የሚጠርገው መሰለዎት?»

ብስክሌት አከራየኝ አልኩት። የት ልነዳ እንዳሰብኩ ከፊቴ ገባው። ኪራይ አልተቀበለኝም። «ሲመለሱ እንነጋገራለን» አለ። «ከተመለሱ።»

ገባሁበት። መጀመሪያ የተለወጠው ድምፁ ነው። ፍርስራሹ ላይ የሚሄደው ሰው ሁሉ ቆመ፤ የድንጋዩ ኮሽታ፣ ጨዋታው፣ የአህያ ነጂው ጩኸት፣ ሁሉም ቆመ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በየቆመው በር አጠገብ አንድ ሰው ቆሟል፤ ሳልፍ አንገቱ ከእኔ ጋር ይዞራል። ጎማዬ ቀለሙ ላይ ጨርቅ እንደሚቀደድ ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ነጮቹ ብስክሌቶች አንድ በአንድ ከሥሬ አለፉ። በነጻነት አስባለሁ ብዬ የምመካ ሰው ነኝ፤ ሜዳው ዳር ስደርስ መዳፌ ረጥቧል።

ዞሬ አየሁ። ከሰይድ ደጅ ያነሣሁት አቧራ በንጹሑ ቀይ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ሆኖ ከላይ እስከ ታች ተሰምሯል። ከላይኛው ጫፍ ደግሞ ነጭ ነጠላ የለበሱ አሮጊት መስመሩን እየጠረጉ ይመጣሉ። ወደ እኔ አያዩም። ሽው… ሽው… እያሉ መስመሩ እስኪያልቅ፣ እኔ የቆምኩበት ድረስ ደረሱ።

«ለዚህ አገር አዲስ ነህ» አሉኝ። «ያላወቀ ሰው አይከሰስም።»

«አውቄ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያስ ይቅር ይበልህ።»

ስማቸው እትዬ የሺ ነው። ብስክሌቴን እየገፋሁ በድንጋዩ በኩል ተከትያቸው ወጣሁ። አረንጓዴ በራቸው ዘንድ ስንደርስ ከፍተው አስገቡኝ፤ ዘግተው ከደፉ ላይ ተቀመጡ። መንገዱ የብስክሌት መሆኑን፣ ለልጃቸውም እንደሚሆን ነገርኳቸው። የእንግዳ ወሬ እንደሚሰማ በጨዋነት ሰሙኝ።

«ቤቴን ሲያፈርሱት እዚህ ቆሜ ነበር» አሉ። «ዋለልኝን የወለድኩበት ነው። ባሌን ያወጣሁት በዚህ በር ነው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። ማን ወሰደው? ለምን ወሰደው? እያልኩ። በኋላ ቀዩን ሲቀቡ አየሁ። ከደብሩ ተነሥቶ መጣ መጣና የእኔ ጓዳ የነበረበት ላይ ደረሰ። ለካ ለእሱ ኖሯል አልኩ። የዚያን ቀን ተኛሁ። አንተ አሁን ለብስክሌት ነው ትለኛለህ?»

«ዋለልኝ አስፋልት ላይ…»

«ሲወጣ አላየውም፤ ፊቴን አዞራለሁ።» መጥረጊያውን ጭናቸው ላይ አገላበጡት። «ቤቴን የሰጠሁት እሱ ልጄን አይጠብቅልኝም?»

ብስክሌቱን በድንጋዩ በኩል እየገፋሁ ለሰይድ መለስኩለት።

ከተራ

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጎዳናው ነጭ ሆነ። ሰው ፍርስራሹን ሞላው፤ ቤት በነበረበት ጊዜ እንኳ ይህን ያህል እንግዳ ያየ አይመስለኝም። ቀዩ ብቻ ባዶ ነው፤ በሰዉ መሐል እንደ ተሰነጠቀ ምድር ተዘርግቷል። እኔና ሰብለ ከአረንጓዴው በር አጠገብ ቆምን። እትዬ የሺ ከቀዩ ጠርዝ ላይ ናቸው፤ ዋለልኝ ባለ ሦስት ጎማውን ከጎናቸው አቁሟል። ሁሉም ሰው አንድ ነገር ነው የሚጠብቀው፤ ታቦቱ በቀዩ ይወርዳል ወይስ አይወርድም?

ጃንጥላዎቹ ከቅጥሩ በር ወጡ። ምንጣፍ የያዙት ወጣቶች ከፊት ሮጠው መጡ። ቀዩ መንገድና አስፋልቱ የሚለያዩበት ደረሱ፤ ምንጣፋቸውን አስፋልቱ ላይ ዘረጉት።

ማጉረምረም ተነሣ፤ ወዲያው ጠፋ። ካህናቱ፣ ጃንጥላው፣ ታቦቱ በአስፋልቱ ይወርዱ ጀመር። ጃንጥላ ያጀበው ሰልፍ በቢጫ ምሰሶ በታጠረ ጠባብ መስመር እንደማያልፍ ማንም መሐንዲስ ያውቃል። እዚያ የቆመው ሰው ግን መሐንዲስ አልነበረም።

በአረንጓዴው በር ትይዩ ሰልፉ ቆመ።

ከበሮው ቆመ። እልልታው ቆመ። ያ ሁሉ ሕዝብ ባለበት የሚሰማው ፍርስራሹ ውስጥ በነፋስ የሚርገበገብ ፌስታል ብቻ ነበር። «ቆመ» አለ አንድ ሰው በሹክሹክታ። «የሺ ደጅ ቆመ።» የቆመበትን ምክንያት እኔ አይቻለሁ፤ ከኋላ የሚጠቀለለው ምንጣፍ ቢጫ ምሰሶ ይዞት ዘግይቷል። ማየቴ ግን ምንም አልጠቀመኝም። በዚያች ቅጽበት የእትዬ የሺን በር ነፋስ ከፈተው፤ ሲጢጥ እያለ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ሰው ከውስጥ እንደሚከፍተው።

ምንጣፉ ደረሰ። ተነጠፈ። እልልታው ፈነዳና ሰልፉ ወረደ።

እትዬ የሺ ግንባራቸው መሬት ነክቶ ነበር። ቀና ሲሉ መጀመሪያ ያዩት ቀዩን ነው።

«አልፎት ሄደ» አሉ። «የእሱ አይደለም።»

ሰብለ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «እትዬ፣ የሠራሁት ለዋለልኝ ነው። ለእሱና ለመሰሎቹ።»

ብዙ አዩዋት። «ታዲያ ያን ጊዜ በሬ ቆሞ ሳለ አንኳኩተሽ ምነው አልነገርሽኝ?»

«ምልክት አድርጌ ነበር፤ ብስክሌቱን ሥዬ…»

«አይቼዋለሁ። ሰው የለበትም።»

ዋለልኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እማዬ፣ ልሂድበት?» አለ። ተነሥተው በበሩ ገቡና ከኋላቸው ዘጉት።

የጥምቀት ማግስት

በጥምቀት ቀን ጠዋት መጥረጊያ አልተሰማም። ጸጥታው ከድምፁ የባሰ ነበር። ታቦቱ ሲመለስም በአስፋልቱ ተመለሰ። ሰዉ ግን ቀዩን መዝለሉን አልተወም። አሁን ስሙ «ታቦቱ የተወው መንገድ» ሆኗል።

«ባሰ እኮ» አለኝ ሰይድ። «በፊት በፍቅርና በፍርሃት ነበር። ፍቅሩ ሄዶ ፍርሃቱ ቀረ።»

በማግስቱ ማለዳ ሻንጣዬን ይዤ ከሰብለ ጋር ወደ መናኸሪያ በእግር ወጣሁ። የቆሙት በሮች አጠገብ ስንደርስ ሰማነው። ሽው… ሽው…

እትዬ የሺ ቀዩ ላይ ናቸው። ጠርዙ ላይ አይደለም፤ ላዩ ላይ። ጎንበስ ብለው ቁልቁል እየጠረጉ ይወርዳሉ። ከኋላቸው ዋለልኝ መዘውሩን በቀስታ እያዞረ ይከተላል። መጥረጊያው የነካትን ቦታ ጎማው ይነካታል። በየበሩ ሰዎች ቆመው ያያሉ፤ አንዱ ባርኔጣውን ሲያወልቅ አየሁት፤ ለማን እንደሆነ እሱም ያወቀ አይመስለኝም። ሰብለ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች።

እኔና ሰብለ በጎን ተከተልናቸው፤ እንዲህ ወርደው ገበያው አፍ ላይ ደረሱ። እዚያ አንድ ነጭ ፒክአፕ ቆሟል፤ አራት ጎማው ቀዩ ላይ፣ አንዱ ቢጫ ምሰሶ ከሥሩ ተደፍጥጦ። መንገዱ ከተሠራ ጀምሮ የቆመበት የመጀመሪያው መኪና ነው። የእትዬ የሺ መጥረጊያ የኋላ ጎማው ጋ ደረሰና ቆመ።

ባለቤቱ ከማዶ ቁርስ ቤት በረንዳ ላይ ነበር።

«ወንድሜ፣ መኪናህን አንሣ» አልኩት።

«ምነው? የታቦቱ አይደለም ተብሏል እኮ!»

«ታዲያ የማን ነው?»

«የማንም!» አለ፣ ከልቡ ተገርሞ። ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

ዋለልኝ የፊት ጎማውን ወደ አስፋልቱ አዞረ። ሌላ ማለፊያ የለውም። ከላይ አይሱዙ እየወረደ ነው። እትዬ የሺ በዚህ ጊዜ ፊታቸውን አላዞሩም። ከልጃቸው ቀድመው አስፋልቱ መሐል ገቡና መጥረጊያውን ሽቅብ አነሡ። አይሱዙው ፍሬኑን ይዞ እየጮኸ መጣ፤ ከነጠላቸው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ነጂው በመስኮቱ ሊሳደብ ወጣና መጥረጊያውን አይቶ ዝም አለ። ዋለልኝ ፒክአፑን ዞረው። ተመልሶ ቀዩ ላይ ወጣ። እናቱ ከፊቱ ገብተው ጎንበስ አሉና ከተቋረጠበት መጥረግ ቀጠሉ።

አውቶብሱ ወደ ዓባይ ሲወርድ ይህን አሰላሰልኩ። ሰብለ ምን እንደማደርግ ንገረኝ ብላ ነበር የጠራችኝ፤ ያልኳት አንድ ነገር ነው። ሥዕሉ ላይ ሰው ጨምሪበት፤ የቀረውን በየበሩ እያንኳኳሽ ንገሪ። በብስክሌት መንገድ ማመን ጀመርኩ አልልም። ቤት አፍርሶ መሥራቱን ዛሬም እቃወማለሁ። ከተሠራ በኋላ ግን የማንም አይደለም ማለትን የበለጠ እቃወማለሁ፤ እኛ አገር የፈጣሪ ያልሆነ ነገር ሁሉ ቀድሞ ለቆመበት መኪና ነውና።

ማታ አዲስ አበባ ገባሁ። የእኔ ሰፈር የብስክሌት መንገድ አረንጓዴ ነው። ከመታጠፊያው እስከ ቤቴ ደጅ ድረስ መኪና ቆሞበት ነበር፤ ሻንጣዬን እየጎተትኩ በአስፋልቱ ሄድኩ።

አንተ አንባቢ፣ ይህን የምታነበው መኪናህን እንዲህ ያለ ቦታ አቁመህ፣ ቁርስ ቤት ተቀምጠህ ከሆነ፣ የቀረውን ቆይተህ ትጎርሰዋለህ። አሁን ውጣ። መኪናህን አንሣ።